ጠጋ ይበሉ

በዳላስና ፎርት ወርዝ በሐምሌና በነሐሴ ቤትን ዝም ማሰኘት የሚባል ነገር የለም። ኤሲው ያጉረመርማል፤ እሱ ሲያርፍ ፍሪጁ ይቀጥላል። ደጅ ደግሞ ሲካዳ የሚሏቸው ነፍሳት ዛፉን ሞልተውት እስኪመሽ ይንጫጫሉ። ቤቱ ጋርላንድ ወይም ሪቻርድሰን ከሆነ የ635 አውራ ጎዳና መኪና ሌሊትም አይቋረጥም፤ ወደ መሐል ከተማው ከተጠጋ ደግሞ ላቭ ፊልድ የሚያርፈው አውሮፕላን ጣሪያው ላይ ያልፋል። የወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ ከሆነማ፣ ልክ እኩለ ቀን ላይ የዳላስ ከተማ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሳይረኗን ትሞክራለች። በዚህ ሁሉ መሐል «እንደምን ሰነበታችሁ አድማጮቻችን» የሚል ሰው አለ። ቀን ኤርፖርት ፓርኪንግ ወይም መጋዘን ይሠራል። ማታ ልጆቹን አስተኝቶ ክሎዜት ውስጥ ይገባል፣ በተሰቀለው ልብስ መሐል ወንበር ያስገባል፣ በሩ ላይ ጋቢ ይጋርዳል። ከዚያ ስለ ታሪክ፣ ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ወንጌል ያወራል።

ይህ ሰው ገና ሳይጀምር የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ የትኛውን ማይክ ልግዛ?

መልሱ አጭር ነው። ቤትህ ጫጫታ ካለበት ዳይናሚክ ግዛ፣ ከአፍህ አታርቀው። አለቀ። ብዙ ሰው ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልገውም። እኔን የሚይዘኝ ግን ከዚህ ወዲያ ያለው ነው። ሌላ ዕቃ ስንገዛ ብዙ የሚችለውን እንመርጣለን፦ ብዙ የሚጭን መኪና፣ ሩቅ የሚያይ ካሜራ። ዳይናሚክ ማይክ ግን ብዙ ስለማይሰማ የሚገዛ ጆሮ ነው። ገንዘቡ የሚከፈለው ለሚተወው ነው። ምን ይተው፣ ማንን ይተው የሚለው ደግሞ ሱቅ ውስጥ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ችግሩ ለዚህ ከተማ አዲስ አይደለም። ዳላስ መሐል ከተማ፣ 508 ፓርክ አቬኑ ላይ አንድ አሮጌ ሕንፃ እስካሁን ቆሟል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1937 ሮበርት ጆንሰን የሚባል የሚሲሲፒ ልጅ ጊታሩን ይዞ እዚያ ገባና በሁለት ቀን 13 ዘፈን ቀዳ። ቀደም ብሎ ሳን አንቶኒዮ ከቀዳቸው 16 ዘፈኖች ጋር፣ በሕይወቱ የቀዳው ይኸው 29 ነው። በሚቀጥለው ዓመት በ27 ዓመቱ ሞተ። ዛሬ ብሉዝ ከሚጫወቱት ብዙዎቹ ከእነዚያ ሁለት ክፍሎች ተበድረዋል። በዚያ ሕንፃ ስለነበረው ቀረጻ ሲወራ፣ መስኮቱን ከከፈቱ የመንገዱ ጫጫታ ይገባ፣ ከዘጉ ሰዉ ይቀቀል ነበር ይባላል። እናም ዘግተው፣ በረዶ ላይ ቬንቲሌተር እያስነፈሱ፣ ሸሚዝ አውልቀው ይቀዱ ነበር አሉ። ኋላ ኤሲ መጣና ከሙቀቱ ገላገለን፤ ጫጫታ ግን ራሱ ኤሲው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 የዚህ አካባቢ ሙቀት በ71 ቀናት 100 ፋራናይት ደርሷል ወይም አልፏል፤ ወደ 38 ሴንቲግሬድ መሆኑ ነው። በእንዲህ ያለ በጋ ኤሲ አጥፍቶ ክሎዜት ውስጥ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ የሱባኤ ያህል ነው።

ዳይናሚክ ማይክ ሲፈታ ውስጡ ያለው ነገር ጥቂት ነው። አንድ ስስ ሽፋን፣ ከሽፋኑ ጀርባ የተጣበቀ ቀጭን ጥቅል ሽቦ፣ ሽቦውን ያቀፈ ማግኔት። ድምፅ ሽፋኑን ሲገፋ ሽቦው በማግኔቱ መሐል ይንቀጠቀጣል፤ ሲንቀጠቀጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ማይክል ፋራዴይ በ1831 ያገኘው ሕግ ነው። የሕዳሴ ግድብ ጄነሬተርም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ እዚያ ዓባይ የሚያሽከረክረውን እዚህ እስትንፋስ ያንቀጠቅጠዋል። ልዩነቱ የመጠን ነው። ሹር ኤስኤም58 ከሚባለው የተለመደ ዳይናሚክ ማይክ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ለንግግር ድምፅ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። ኮንደንሰር የሚባለው ሌላው ዓይነት ሽቦ አይሸከምም፤ ሽፋኑ ቀሊል ነው፤ 48 ቮልት ፋንተም ፓወር እየተመገበ የሹክሹክታውን ጫፍ ሁሉ ይለቅማል። ጸጥ ባለ ስቱዲዮ ውስጥ ይህ በረከት ነው። ፎረስት ሌን በሚባለው ጎዳና ዳር ባለ አፓርትመንት ውስጥ ግን የጎረቤትን ቴሌቪዥን ይዞልህ ይመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «ዳይናሚክ የጀርባ ድምፅ አይሰማም» ይባላል። ማይኩ እኮ የሰውን ድምፅ ከኤሲ ድምፅ ለይቶ የሚያውቅበት ብልሃት የለውም። ሥራውን የሚሠሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የማይኩ አቅጣጫ ነው፤ ካርዲዮይድ የሚባለው ዓይነት ፊቱን ሰምቶ ጀርባውን ይደፍናል። በቴክሳስ ቤቶች የኤሲው መውጫ አብዛኛውን ጊዜ ኮርኒስ ላይ ስለሆነ፣ ማይኩን ከታች ወደ አፍ ቀና ማድረግ ሳይሆን ጀርባው መውጫውን እንዲያይ አድርጎ ማዘንበል ነው የሚጠቅመው። ሁለተኛውና ትልቁ ርቀት ነው። አፍና ማይክ በ40 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ከነበረ፣ ወደ 20፣ ወደ 10፣ ወደ 5 ሲቀርቡ ርቀቱ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፤ በድምሩ 18። ክፍሉን የሞላው የኤሲ ድምፅ ግን አንተ ተጠጋህ ብሎ አይጨምርም። ጫጫታውን ያሸነፈው ማይኩ አይደለም፤ ቀረቤታው ነው። ኮንደንሰርም በ5 ሴንቲ ሜትር ቢያዝ በስሌቱ ያንኑ ያተርፋል፤ ግን በዚያ ርቀት የከንፈሩን መላቀቅ፣ የምራቁን መዋጥ፣ የእስትንፋሱን ወጀብ ሁሉ ይዘግበዋል። የዳይናሚኩ ጠባይ መጠጋቱን መቻሉ ነው።

ሲጠጉት ደግሞ ውለታ ይመልሳል። ካርዲዮይድ ማይክ በቅርብ ሲያወሩበት የድምፁን ወፍራም ክፍል ያጎላዋል። በቀን ሥራ የሰለለ ድምፅ ሌሊት ክሎዜት ውስጥ ደረት ያወጣል። የሬዲዮ ጋዜጠኛ ድምፅ ብለን የምናደንቀው ነገር ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው ብል አላጋነንኩም።

የአማርኛ አፍ ለዚህ ዕቃ ምን ዓይነት አፍ ነው? መዳፍዎን ከአፍዎ ፊት ያድርጉና «ፖሊስ» ይበሉ። ቀጥለው «ጳጳስ» ይበሉ። በመጀመሪያው መዳፍ ላይ ነፋስ ይመጣል፤ በሁለተኛው የለም ማለት ይቻላል። ጰ፣ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ ሲነገሩ ጉሮሮ ይዘጋና አፍ ውስጥ ያለችው ጥቂት አየር ብቻ ተጨምቃ ትፈነዳለች፤ ከሳንባ የሚከተላት የለም። ማይክን ቡፍ የሚያሰኘው ግን ከሳንባ የሚመጣው ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ ሁሉ ስለ ፐ አጥብቆ ሲጨነቅ ብታዩ አይግረማችሁ፤ እኛ ፐን የምንፈልጋት ለፖስታ፣ ለፓስታና ለፓርላማ ነው። የኛ ፈተና ሌላ ነው። ፍንዳታችን ነፋስ ባይኖረውም አጭርና ስለታም ነው። «ቀጠቀጠ» የሚለውን ቃል ኮንደንሰር ፊት ብለው በጆሮ ማዳመጫ ያዳምጡት፤ እያንዳንዱ ፊደል ጆሮ ይቆነጥጣል። ዳይናሚኩ ግን ሽፋኑ ሽቦ ስለተሸከመ ለእንዲህ ያለ ቅጽበታዊ ምት ቶሎ አይነሣም፤ ጫፉን ያለዝበዋል። የዚህ ማይክ ስንፍና ለአማርኛ ተነባቢዎች ደግነት ሆኗል። ሰ እና ሸ የሚያፏጩበት ሰው ካለ ደግሞ ማይኩን ከአፉ ትክክል ሳይሆን ከከንፈሩ ጥግ ትንሽ ገለል አድርጎ መትከል ይበቃዋል።

ስለ ዓይነቶቹ ብዙ አልልም፤ ጥቂት ግን ማለት ግድ ነው።

ኤስኤም58 ሁላችሁም የምታውቁት ነው። በሠርግ አዳራሽ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በዕድር ስብሰባ ሰው እጅ ላይ ያለው፣ ራሱ የሽቦ ድቡልቡል የሆነው ማይክ ነው፤ ወይም የእሱ አስመሳይ ነው፤ አስመሳዩ ለቁጥር ያስቸግራል። ሹር የሚባለው ድርጅት በ1925 ቺካጎ ተመሠረተ፤ 58ቱን በ1966 አወጣ። ስሙ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት የስቱዲዮ ማይክ መሆኑን ነው የሚናገሩት፤ መሐንዲሱ ኧርኒ ሲለርም ሲሠራው ለመድረክ አላሰበውም። ለስቱዲዮ ግን ገበያው ስላልቀናው በ1970 ገደማ ድርጅቱ ምርቱን ሊተወው አስቦ ነበር፤ እስቲ የላስ ቬጋስ መድረኮች ይሞክሩት ተብሎ ነው የተረፈው። አሁን 100 ዶላር ገደማ ነው። መድረክ ሄዶ የከበረ የስቱዲዮ ዕቃ ነው እንግዲህ፤ ክሎዜት ውስጥ ሲገባ ወደ ታሰበለት ሥራ ተመለሰ ማለት ነው።

በቪዲዮ ፖድካስት ሁሉ ፊት የሚታየው ጥቁሩ፣ ወፍራሙ፣ ኤስኤም7ቢ ነው። ዘሩ በ1973 የወጣው ኤስኤም7 ነው፤ የድምፅ መሐንዲሱ ብሩስ ስዊዲን የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» አልበም ድምፅ የቀዳው በእሱ ነው። 7ቢው 400 ዶላር ገደማ ነው፤ ይህም ያለ ተከታዮቹ ነው። የሚያወጣው ኃይል ከ58ቱም ያንሳልና 60 ዴሲቤል ያህል ጌይን ይፈልጋል፤ ርካሽ ኢንተርፌስ፣ ማለትም ማይክን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ሣጥን፣ ያን ያህል ሲጨመርበት ሽሽታ ያመጣል፤ ስለዚህ መሐል ላይ የሚገባ ሌላ ማጉያ ይገዛል፣ ለማጉያው ገመድ፣ ለክብደቱ ጠንካራ ክንድ። ጥሩ ማይክ ነው፤ አላማም። ግን ብዙዎቻችን የምንገዛው ሰምተነው ሳይሆን አይተነው ነው። በዓይን የተመረጠ ጆሮ ትንሽ ያስቀኛል።

ለጀማሪ እኔ ብጠየቅ የምለው፣ በዩኤስቢም በኤክስኤልአርም የሚሰካ እንደ ሳምሰን ኪው2ዩ ያለ፣ ዋጋው ከ58ቱ የማይበልጥ ዳይናሚክ ይግዛ። ዛሬ ላፕቶፕ ላይ ይሰካዋል፣ ነገ ኢንተርፌስ ሲገዛ ያንኑ ይጠቀምበታል። የተረፈውን ገንዘብ ለስፖንጅ ልባስ፣ ጠረጴዛ ላይ ለሚታሰር ክንድ፣ ለወፍራም መጋረጃ ያውለው። ጋቢ ካለማ መጋረጃም አያስፈልግም፤ የእጅ ጥበብ ጋቢ አራት እጥፍ ሆኖ ሲሰቀል የክፍሉን ነጸብራቅ በደንብ ይውጣል።

አድማጩ የት እንዳለም ማሰብ ደግ ነው። በዚህ ከተማ የአማርኛ ፖድካስት የሚሰማው ብዙ ጊዜ መሪ ጨብጦ ነው፤ ኢንተርስቴት 35 ወይም 20 ላይ፣ የሞተር ድምፅ በተሞላ ጋቢና ውስጥ። ሞተር የሚበላው ወፍራሙን ድምፅ ነው። ክሎዜት ውስጥ ያማረው የደረት ድምፅ የከባድ መኪና ሾፌር ዘንድ ሲደርስ ጉርምርምታ ብቻ ይሆናል። 58ቱ ታችኛውን ቀንሶ መካከለኛውንና ከፍ ያለውን ትንሽ አንሥቶ የሚሰማው፣ በጫጫታ መሐል ቃል እንዲለይ ተብሎ ነው። ሾፌሩ የሚያመሰግነው ይህንኑ ነው።

አንዳንዴ ግን ይህ ሁሉ የዕቃ ወሬ ያሳፍረኛል። እኛ ድምፅ መውደድን የተማርነው በምን ነበር? ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ«ከመጻሕፍት ዓለም» የሬዲዮ ዝግጅት ሲተርከው የሰማ ሰው፣ የሰማው በትንሽ ሬዲዮ ነው። ዶይቸ ቬሌ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ በ1982 ነው፤ ሁለቱንም የሰማነው በአጭር ሞገድ ነው። አጭር ሞገድ የሚያሳልፈው የድምፅ ስፋት ከ5 ሺህ ኸርዝ ብዙም አይዘልም። አሁን ርካሽ የሚባለው ማይክ ሦስት እጥፉን ይሰማል። ያ ሁሉ እየተቆረጠ፣ እየራቀ፣ እየቀረበ፣ በጣቢያ ማፈኛ እየታነቀ፣ ተራኪው ጎናችን ተቀምጦ ነበር። (መቼም ሳይጠቀስ አይታለፍም፦ በ1954 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የትራንዚስተር ኪስ ሬዲዮ፣ ሪጀንሲ ቲአር-1፣ ትራንዚስተሮቹ የተሠሩት እዚሁ ዳላስ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነው። ያ ዓይነቱ ሬዲዮ እየረከሰ እየተባዛ ሄዶ ነው አባቶቻችን ትከሻ ላይ የደረሰው።) ያን ጊዜ ቅርበቱ ከየት መጣ ብዬ ሳስብ፣ ተራኪው ለአንድ ሰው ያወራ ስለነበር ይመስለኛል። ስቱዲዮው ወፍራም ግድግዳ ነበረው፤ እሱ ደግሞ ላለመጮህ ጊዜ ነበረው። ዳይናሚክ ማይክ ክሎዜት ውስጥ የሚሰጠን ይህንኑ ላለመጮህ የሚሆን ፈቃድ ነው።

ፈቃዱን ለመቀበል ግን መጠጋት አለ። መጠጋት ደግሞ ለሁሉም ሰው አይቀልም።

አንድ ሽማግሌ ልቀዳ ቤታቸው ሄጄ ነበር። በሱዳን በኩል ወጥተው ዳላስ የገቡ፣ እዚሁ ልጅ አሳድገው የልጅ ልጅ ያዩ ሰው ናቸው። ማይኩን ጠረጴዛው ላይ ተክዬ ወንበራቸውን አቀረብኩላቸው። ተቀመጡ፤ ወዲያው ሳይታወቃቸው ወደ ኋላ ደገፍ አሉ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ።»

«ለምን? አልሰማህም እንዴ?»

«እኔማ ሰምቻለሁ፤ እሱ ነው ያልሰማው።»

«እሱን ብሎ ጆሮ!» ብለው ሳቁ፤ ሳቁን ማይኩ በደንብ ይዞታል።

ወሬው ሲጀመር ግን አንድ ነገር አየሁ። ስለ ሰው ሲያወሩ ድምፃቸው ሙሉ ነው። ስለ ራሳቸው መልካም ነገር ሲመጣ፣ በስደት መንገድ ላይ ለማን ውኃ እንዳካፈሉ፣ ማንን ተሸክመው እንደሄዱ ሲደርሱ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞሩና ድምፃቸውን ይጥላሉ። ስለ ሞተ ሰው ሲያነሡ እጃቸው አፋቸው ላይ ይወጣል። ባለቤታቸው ቡናውን ይዘው ብቅ ባሉ ቁጥር ከወንበራቸው ከፍ ብለው «ኖር» ይላሉ፤ የአርባ ዓመት ሚስታቸው ናቸው፣ ግን ልማድ ነው። በጆሮ ማዳመጫዬ ሁሉም ይሰማኛል፤ ሙሉው ድምፅ እዚህ፣ የተጣለው ድምፅ ማዶ። ዳይናሚክ ማይክ ይሉኝታን አያውቅም። ትንሽ ያፈረ ሰው ሁሉ እሱ ዘንድ የራቀ ሰው ነው። በዚያ ቀረጻ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጡት ዓረፍተ ነገሮች ከሁሉ ደካማ ሆነው የተቀዱት ናቸው።

ለእንዲህ ያለ ሰው መድኃኒት የሚባል ማይክ አለ፤ የኤሌክትሮ-ቮይስ አርኢ20። በ1968 የወጣ፣ የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች የለመዱት ትልቅ ማይክ ነው። የጎኑ ክፍተቶች ተናጋሪው ሲርቅና ሲቀርብ የድምፁ ቀለም እንዳይለዋወጥ ያደርጋሉ። ቀለሙ እንጂ መጠኑ ግን መውረዱ አይቀርም፤ ፊቱን ወደ መስኮት ያዞረን ሰው እሱም አይከተለውም። እኔን የረዳኝ ሌላ ነው። ማይኩን ከፊታቸው አንሥቼ ከአገጫቸው ዝቅ አድርጌ ደረታቸው አጠገብ በክንዱ አስቀመጥኩት። በሁለት ሰዎች ፊት መሐል ብረት ተገትሮ ጨዋታ ነውር ይመስላል፤ ዝቅ ሲል ተረሳ። ቢጎነበሱም፣ ቢያቀረቅሩም ወደ እሱ ነው የሚመጡት። እንግዳን ወደ ማይክ ከመሳብ ማይክን ወደ እንግዳ መውሰድ፣ ነገሩ ቀላል ነው፤ ግን መመሪያዎቹ የሚጽፉት ለተናጋሪ ነው፣ ለአፋር አይደለም።

ድምፁ ተስተካከለ። ኤሲው ጠፋ፣ ጎዳናው ጠፋ። ሲኒው ሲንኳኳም፣ እትዬ «ቡና ጠጡ» ሲሉም ጠፋ። በጣም ንጹሕ ሆነ። እዚህ ላይ ነው ልቤ የተከፈለው፤ የድሮው ካሴት ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜና ከዚያም ወዲህ፣ ስልክ ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ብዙ ቤተሰብ በካሴት ይላላክ ነበር። ደብዳቤ መጻፍ የማይችሉ እናቶች ቴፑ ፊት ይቀመጡና ይናገራሉ፤ ካሴቱ በሰው እጅ ሱዳን፣ ሮም፣ ዋሽንግተን፣ ዳላስ ይደርሳል። የነዚያ ቴፖች ማይክ ሣጥናቸው ውስጥ የተቀበረ ትንሽዬ ኮንደንሰር ነበር። ጠባይ የሌለው ጆሮ ነው፤ ሁሉን ይሰማል። ከዚያም በላይ አንድ ጉድ ነበረው፦ የድምፁን ከፍታ በራሱ ያስተካክላል። ሰው ጠንክሮ ሲናገር ዝቅ ያደርጋል፣ ዝም ሲል ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ እናት ቃል ሲያጥራት፣ ወይ እንባ ሲቀድማት ዝም ስትል፣ ቴፑ ያቺን ዝምታ ይዞ ማሳደግ ይጀምራል። ዶሮው ይመጣል። ቆርቆሮው ላይ ያለው ዝናብ ይመጣል። «ንገሪው እንጂ» የሚል የአክስት ሹክሹክታ ከጓዳ ይመጣል። እሷ ስትቀጥል መልሶ ሁሉንም ይሸፍነዋል። የምሕንድስና ድክመት ነው፤ በዛሬው ሚዛን የተበላሸ ቀረጻ ነው። ካሴቱን የተቀበለው ስደተኛ ግን መልሶ መላልሶ የሚያዳምጠው ምክሩን ብቻ አልነበረም። ምክሩን ያውቀዋል፤ እናቱ ምን እንደምትለው ከመናገሯ በፊት ያውቃል። የማያውቀው ዛሬ ዝናብ መዝነቡን ነው።

በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ዳይናሚክ ማይክ ቢኖረው ኖሮ፣ የቀረን የእናቶች ምክር ብቻ በሆነ ነበር።

ይህን ስል 58ቱን ሸጣችሁ ሁሉን የሚሰማ ግዙ ማለቴ አይደለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ኤሲ እየሰማ ታሪክ የሚከታተል አድማጭ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ለማያውቁን ሰዎች ስናወራ ቤታችንን መዝጋት ጨዋነት ነው። ግን የሚቀዳው ሰው አባት ወይም እናት ከሆነ፣ አድማጩ ማን እንደሆነ ቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የሚያዳምጠው የልጅ ልጅ የዳላስን ኤሲ ድምፅ እኛ የቆርቆሮ ዝናብን በምንሰማበት ጆሮ ሊሰማው ይችላል። እሱ የተወለደው በዚህ ድምፅ ውስጥ ነው።

እናም በዚያ ቀን ማይኩ ጋሼ ደረት አጠገብ እንዳለ፣ ስልኬን አብርቼ ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሳሎኑ ውስጥ ዕጣን አልጨሰም፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ስለሚጮህ እትዬ ቡናውን የሚቆሉት በረንዳ ላይ ነው፣ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሲካዳው ይገባና ይወጣል። ስልኩ ይህን ሁሉ ያዘ። «ኖር» ሲሉም ከወንበሩ ሲጥታ ጋር ያዘው። በስልኩ ላይ የጋሼ ወሬ ግማሹ አይሰማም፤ የሲኒው ግን አንድም አላመለጠም።

ለሕዝብ የወጣው የማይኩ ነው። የሁለቱንም ቅጂ ለልጆቻቸው ላክሁ፤ ትልቋ ደውላ የስልኩን ረጅሙን፣ ያልተቆረጠውን እንድልክላት ጠየቀችኝ።

«ኤሲው አብሮ ይጮሃል እኮ» አልኳት።

«ይጩህ» አለችኝ።